«ከጉባኤው ጎን ለጎን» ማለት ምን ማለት ነው?

ጠያቂ፣ ከደሴ፦ መስከረም በጠባ ቁጥር የምንሰማው ዜና አንድ ዓይነት ነው፤ «የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ከተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ጎን ለጎን ከእገሌ ሀገር አቻቸው ጋር ተወያዩ።» እኔ የማውቀው ጎን ለጎን ሰው ከሰው ተጠጋግቶ ሲቀመጥ ነው። ከጉባኤ ጎን ለጎን እንዴት ይቀመጣል? ደግሞስ አንዱን «ተወያዩ»፣ ሌላውን «አነጋገሩ»፣ ሦስተኛውን «መከሩ» የሚሉት ለማሳመር ነው ወይስ ልዩነት አለው?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦ ጋሼ፣ «ከእርሻው ጎን ለጎን ይነግዳል» ስንል ሰውየው ሱቁን ማሳው ዳር ከፍቷል ማለታችን አይደለም። ዋናው ሥራ ሳይቋረጥ ሌላም ይሠራል ማለት ነው። ጉባኤው በሚደረግበት በኒው ዮርክም እንዲሁ ነው። በአዳራሹ የ193 አባል ሀገራት ንግግር በየተራ ይቀጥላል፤ መሪዎች ይቀድማሉ፣ ሚኒስትሮች በአመዛኙ ኋላ ይደርሳቸዋል። እስከዚያው ሚኒስትሩ በየክፍሉና በየሀገሩ ሚሲዮን፣ ማለት ሀገራት በድርጅቱ ባላቸው ቋሚ ጽሕፈት ቤት፣ እየተዘዋወሩ ይነጋገራሉ። እንዲያውም እኔን ከጠየቁኝ እርሻውና ንግዱ ቦታ ተለዋውጠዋል። በአዳራሹ ለአንድ ተናጋሪ የሚታሰበው 15 ደቂቃ ነው፤ በየዋና ከተማው ዞሮ ወራት የሚፈጀው ግንኙነት ግን በዚያ ሳምንት በአንድ ሰፈር ያልቃል።

ግሦቹ ላይ ያነሡት ጥያቄ ዋናው ነው። «ተወያዩ» የእኩዮች ግሥ ነው፤ ሁለቱም ይናገራሉ፣ ሁለቱም ይሰማሉ። «ተቀብለው አነጋገሩ» ሲባል ግን ባለቤትና እንግዳ ይለያል፤ ብዙ ጊዜ ማዕረግም ይለያል። ፕሬዚዳንት አምባሳደርን አነጋገሩ ይባላል፤ አምባሳደር ፕሬዚዳንትን «ተቀብለው አነጋገሩ» ብሎ የሚጽፍ አርታኢ ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። በኒው ዮርክ ከአስተናጋጇ ሀገር በቀር ሁሉም እንግዳ ስለሆነ፣ ይህ ግሥ ሲመጣ ማን ወደ ማን ሚሲዮን እንደሄደ መመልከት ነው። «መከሩ» ገና ያልተቆረጠ ጉዳይ መኖሩን ያሳብቃል። «ዶለቱ» ደግሞ ያው መምከር ነው፤ የምንለው ግን ለማንወዳቸው ሰዎች ብቻ ነው።

«አቻቸው» የሚለውን አልፈውታል እንጂ እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። አቻ ጋብቻ ስንል ቤተሰቡም ዘሩም ሀብቱም ተመዝኖ ነው። በጠቅላላ ጉባኤው ግን ቻይናም አንድ ድምፅ አላት፣ ሉክሰምበርግም አንድ። የመጀመሪያዋ ወንበር እንኳ በየዓመቱ በዕጣ ለአንድ ሀገር ትደርሳለች፤ የቀሩት በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ይከተላሉ። ሚኒስትሮቹን አቻ ያደረጋቸው ሹመታቸው እንጂ የሀገራቸው ጉልበት አይደለም።

መልስ፣ ከሐይቅ፦ ሁለታችሁም ደጃችሁን ዘልላችሁ ኒው ዮርክ ገባችሁ። የግሥ ምርጫ ማሳመሪያ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ከወሎ ሰው አይጠበቅም! ውጫሌ እኮ እዚሁ አምባሰል ናት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ዘውድ መጫናቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት ሲጽፉ ከለንደንና ከበርሊን የመጣው መልስ በኢጣልያ በኩል ይሁን የሚል ነበር። በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱት፣ በ1888 ዓድዋ ሆነ። እንግዲህ ዛሬ አንድ ሚኒስትር በአንድ ሳምንት ከሚፈልጉት ሁሉ ጋር ያለ አማላጅ ሲወያዩ፣ አንቀጽ 17 በኢጣልያንኛው ሊነጥቀን የነበረው ይህንኑ ነው።

«ጉባኤ»ም ለእኛ እንግዳ አይደለም። ግእዝ ነው፤ የመሰብሰብ ቃል። ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ክርክር ጉባኤ ተደርጓል። እዚያ ግን ፍርዱን የሰጡት አፄ ዮሐንስ ነበሩ፤ ውሳኔውም ከተከራካሪዎቹ ካህናት አልፎ የወሎን ሙስሊም በግድ እምነቱን እስከ ማስለወጥ ደርሷል። የኒው ዮርኩ እንዲህ የሚፈርድ የለውም፤ ከድርጅቱ በጀትና ከውስጥ አስተዳደሩ በቀር ውሳኔዎቹ በአብዛኛው ምክር ናቸው። አንድ ስም፣ ሁለት ሥልጣን።

ጠያቂ፦ እናመሰግናለን፣ ተቆጥታችሁም ቢሆን። «ፍሬያማ ውይይት»ና «ግልጽ ውይይት» የሚሉትስ?

መልስ፣ ከኮምቦልቻ፦ «ፍሬያማ» ብሎ ፍሬውን ካልነገረዎት፣ ያገኙት ነገር ለጊዜው የለም ማለት ነው። በ«ግልጽ» ግን አይለፉት፤ በዲፕሎማቶች ቋንቋ አልተስማሙም ማለት ነው።