ጎንደርን ለቆ ውጭ መኖር እንዴት ይለመዳል?

የአዘዞዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ አዘዞ ነው ያደግኩት አሁን ስቶክሆልም ነኝ፣ ስራው ደህና ነው ግን ታህሳስ ላይ 9 ሰዓት ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ጥር 10 ከተራ ሲደርስ ደግሞ ሆዴ ይባባል። እናንተ እንዴት ቻላችሁት?

ስደተኛው፦ አይዞሽ እህቴ፣ እኔም ኦስሎ እንደዛው ነበርኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ወጣ በይና ብርሃኑን አግኚው፣ በጣም ይረዳል። ቅዳሜ ቡና አፍልተሽ ሰው ጥሪ፣ ፈንዲሻው ቢቀርም።

ፒያሳ ሰፈር፦ እኔ ተመልሻለሁ፣ እውነት ለመናገር መመለስም መልመድ ይፈልጋል፣ ግማሹ ጓደኛዬ ከተማው ውስጥ የለም። ግን ጥር 11 ጠዋት ፋሲለደስ መዋኛ፣ ውሃው ተባርኮ ወጣቶቹ ከነልብሳቸው ሲዘሉ እዛ መሆኔን በምንም አልቀይረውም። ፈቃድሽን ለጥር አድርጊው፣ የአውሮፕላን ትኬት ግን ቀደም ብለሽ ቁረጪ በጥምቀት ሰሞን ይወደዳል።

የአዘዞዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ነገ አለቃዬን ፈቃድ እጠይቃለሁ።