ቀይ መብራት ላይ ወደ ግራ መታጠፍ፦ አካፋይ ያለው መንገድ ላይ ይቻላል እንዴ?

ጥያቄ፦ አዲስ ሹፌር፣ አባይ ማዶ

እንዴት ናችሁ የባሕር ዳር ሰዎች። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ነው። የምነዳው የቤታችንን ቪትዝ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ከአባይ ማዶ በአዲሱ ድልድይ ተሻግሬ ወደ ከተማ እገባለሁ። ቀጥታ መንዳት ላይ ችግር የለብኝም። የሚያስጨንቀኝ ወደ ግራ መታጠፍ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሄጃና መምጫው በአካፋይ የተለየ፣ መሐሉ ላይ ዘንባባ የተተከለበት መንገድ ላይ ነኝ እንበል። ወደ ግራ መታጠፍ እፈልጋለሁ። መብራቱ ቀይ ነው፤ ከፊት ለፊቴ የሚመጣ መኪና ግን የለም። ቆሜ ስጠብቅ ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን ያንባርቅብኛል። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «እህት፣ ግቢ እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?» ይላል። ባጃጆቹ ደግሞ በግራም በቀኝም ሾልከው አካፋዩ የተከፈተበት ቦታ ድረስ ይሄዱና እዚያ ተደርድረው ይቆማሉ።

የእህቴ ባል እንዲህ አለኝ፦ «አካፋይ ያለው መንገድ እንደ ሁለት ዋን ወይ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ቆም ብለሽ አይተሽ በቀይም ወደ ግራ መታጠፍ ትችያለሽ።» ኢንተርኔት ላይ ባየሁት ቪዲዮም አንድ ሰውዬ በቀይ ቆሞ አይቶ ወደ ግራ ሲታጠፍና «ሕጋዊ ነው» ሲል ሰማሁ።

ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም? ደግሞስ በአረንጓዴ ገብቼ መሐል ላይ እየጠበቅሁ ሳለ ቀይ ቢበራብኝ ምን ላድርግ? በሞቴ «እንደ ሁኔታው ነው» ብላችሁ እንዳታልፉኝ።

መልስ፦ የሲኖ ሹፌር

አይፈቀድም። ቀይ ሲበራ ከማቆሚያው መስመር በፊት ትቆሚያለሽ፤ ለቀጥታም ያው፣ ለግራም ያው። መሐሉ ላይ ዘንባባ ይኑር፣ አጥር ይኑር፣ ምንም አይኑር፣ ለመብራቱ ለውጥ የለውም። ክላክስ የሚያደርገውን ተይው። ትራፊክ ሲያስቆምሽ ወርዶ ቅጣት አይከፍልልሽም።

መልስ፦ የመንዳት አሰልጣኝ

ከላይ ያለው ወንድሜ ትክክል ነው። እኔ ምክንያቱን ልጨምር፤ ምክንያቱ ከገባሽ ማንም በክላክስ አያስደነግጥሽም።

ጥያቄሽ ላይ «ከፊት ለፊቴ የሚመጣ መኪና የለም» ብለሻል። ብዙ አዲስ ሹፌር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ላንቺ ቀይ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ለፊትሽ ለሚመጣውም ቀይ ነው። ስለዚህ ፊት ለፊትሽ ባዶ መሆኑ ምንም አይነግርሽም። አረንጓዴ የበራለት በተሻጋሪው መንገድ ላይ ያለው ነው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ መጀመሪያ አፍንጫሽ ሥር የሚያልፈው ከግራሽ የሚመጣው ነው። እሱን ተሻግረሽ ስትታጠፊ ደግሞ ከቀኝሽ ከሚመጣው ጋር ትቀላቀያለሽ። ሁለቱም አረንጓዴ አላቸው። ሁለቱም ቅድሚያው የነሱ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ፍጥነት የሚቀንሱበት ምክንያት የለም።

የእህትሽ ባል ግማሹን በትክክል ነው የተናገረው። አካፋይ ያለው መንገድ እያንዳንዱ ጎን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። ይህ ማለት ግን ወደ ግራ ስትታጠፊ የምታቋርጪው መንገድ ጠፋ ማለት አይደለም። እንዲያውም መንገዱ ስለሚሰፋ መሐል ላይ የምትቆዪበት ጊዜ ይረዝማል።

ባጃጆቹ የሚቆሙበት ክፍት ቦታ በቀይ ገብቶ ለመጠበቂያ የተሠራ አይደለም። ማቆሚያውን መስመር በቀይ ያለፈ ሰው አንድ ሜትርም ይሂድ አሥር ሜትር፣ ቀይ ጥሷል። ሰፊ አካፋይ ኖሮ መሐል ላይ ሌላ መብራትና ሌላ ማቆሚያ መስመር የተደረገበት ቦታ ካጋጠመሽ ሁለቱን መብራቶች ለየብቻ ታከብሪያለሽ። የመጀመሪያውን በአረንጓዴ ታልፊያለሽ፤ ሁለተኛው ቀይ ከሆነ እዚያ ትቆሚያለሽ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ሙሉ ክብ አረንጓዴ ሲበራ ወደ ግራ መታጠፍ ትችያለሽ፤ ቅድሚያው ግን ከፊት ለፊት ቀጥታ ለሚመጣው ነው፣ ወደ ቀኝ ለሚታጠፈውም ጭምር። ስለዚህ ፍሬቻሽን ቀደም ብለሽ አብርተሽ፣ በግራው ረድፍ ሆነሽ፣ መሐል ድረስ ትገቢና ትጠብቂያለሽ። ስትጠብቂ መሪውን አታዙሪ፤ ጎማሽ ቀጥ ብሎ ይቁም። ጎማው ወደ ግራ ዞሮ ከኋላ የሚገፋሽ ካለ በቀጥታ ከፊት ለሚመጣው ሲኖ ነው የምታስረክቢው። እግርሽም ፍሬኑ ላይ ይሁን።

ክፍተት ካገኘሽ ትታጠፊያለሽ። ካላገኘሽና ቢጫ ከዚያም ቀይ ከበራ ደግሞ መሐል ላይ ተገትረሽ አትቅሪ፤ ወደ ኋላም አትመለሽ። በአረንጓዴ ሕጋዊ ሆነሽ ስለገባሽ ከፊት የሚመጣው በእርግጥ መቆሙን አይተሽ መታጠፊያሽን ጨርሰሽ ትወጫለሽ። ይህ ቀይ መጣስ አይደለም፤ መስቀለኛውን ማጽዳት ነው። ልዩነቱ ማቆሚያውን መስመር ያለፍሽው መቼ ነው የሚለው ላይ ነው። መስመሩን ሳታልፊ ቀይ ከበራ ግን ባለሽበት ትቆያለሽ። ከፊትሽ ሦስት መኪና መሐል ላይ ተደርድሮ እየጠበቀ ከሆነም ተከትለሽ አትግቢ፤ ቦታ የለሽም።

ቀስት ያለው መብራት ካለ ነገሩ ይቀላል። የግራ ቀስት አረንጓዴ ሲሆን ተራው ያንቺ ነው። ቀጥታው አረንጓዴ ሆኖ የግራው ቀስት ቀይ ከሆነ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢሄድም አንቺ ትቆሚያለሽ።

መልስ፦ የጊዮርጊስ ሰፈር ልጅ፣ አሁን ሲያትል

ያየሽው ቪዲዮ ከየት እንደሆነ የገባኝ ይመስለኛል። እኔ ባለሁበት በዋሽንግተን ግዛት በቀይ ወደ ግራ መታጠፍ በሕግ አለ። ግን የምትገቢበት መንገድ ዋን ወይ መሆን አለበት፤ ወደ ግራሽ የሚሄድ ማለቴ ነው። መጀመሪያ ሙሉ በሙሉ ትቆሚያለሽ፣ ለእግረኛና ለመኪና ቅድሚያ ትሰጫለሽ፣ የሚከለክል ምልክት አለመኖሩን ታያለሽ፣ ከዚያ ትሄጃለሽ። እዚህ ከባለሁለት አቅጣጫ መንገድ ተነስተሽም ይቻላል። ሌሎች ብዙ ግዛቶች ግን የሚፈቅዱት ከዋን ወይ ወደ ዋን ወይ ሲሆን ብቻ ነው፤ ጭራሽ የማይፈቅዱም አሉ።

ለምን እንደሚቻል አስቢው። ዋን ወይ ከሆነ ከግራ የሚመጣ የለም። የምታቋርጪው መንገድ የለም፣ የምትቀላቀይው ብቻ ነው። አሰልጣኙ የቆጠራቸው ሁለት ፍሰቶች አንድ ይሆናሉ። አካፋይ ያለው የባሕር ዳር መንገድ ላይ ግን ከዘንባባው ወዲህም ወዲያም መኪና አለ።

መልስ፦ ጡረተኛው

ልጄ፣ ሌላም ዓይነት ቪዲዮ አለ። አውስትራሊያ ውስጥ ምልክት በተተከለባቸው ቦታዎች ቆሞ በቀይ ወደ ግራ መታጠፍ ይፈቀዳል። እዚያ የሚነዳው በግራ ነው። የእነሱ ግራ የኛ ቀኝ ማለት ነው፤ ጥግ ይዞ መታጠፍ እንጂ መንገድ ማቋረጥ የለበትም። እኛም እኮ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ነበር የምንነዳው። ሰኔ 1 ቀን ነው ወደ ቀኝ የተዛወርነው። የውጭ አገር ትምህርት ስታዪ መጀመሪያ መሪው በየት በኩል እንዳለ ተመልከቺ።

መልስ፦ ባጃጅ ነጂ፣ ቀበሌ 14

ባጃጅ ባጃጅ አላችሁና መጣሁ። እሺ፣ እንገባለን፤ አልክድም። ተሳፋሪው ራሱ «ቶሎ በል» ይላል። መኪናው ተደርድሮ ሲቆም እኛ በጎን ማለፊያ አለን፤ ማን ቆሞ ጸሐይ ይመታል? ደግሞ ማታ 4 ሰዓት ላይ አንድ ሰው በሌለበት ቀይ ፊት መገተር ምን ይሉታል?

መልስ፦ የሲኖ ሹፌር

ማታ 4 ሰዓት የሚሉት እኔን ነው፣ ወንድሜ። ጭኜ የምመጣው በዚያ ሰዓት ነው። አረንጓዴ አይቼ ስመጣ ሙሉ ጭነት ይዤ እንዳንተ ባጃጅ ቀጥ ብዬ መቆም አልችልም። አካፋዩ ላይ ያለው ዛፍና ቁጥቋጦ ደግሞ ይሸፍንሃል። የፊት ጎማህ ወጥቶ ሳየው መሽቷል።

መልስ፦ ብስክሌተኛው፣ ፖሊ

ስለ መኪና ብቻ ነው የምታወሩት። ይቺ ከተማ የብስክሌት ከተማ አይደለችም እንዴ?

እህቴ፣ በአረንጓዴም ስትታጠፊ አንድ ነገር አደራ። ከፊት ለፊትሽ የሚመጣ አውቶቡስ ወይ ሚኒባስ አዝኖልሽ ቆም ብሎ በእጁ «እለፊ» ይልሻል። ደስ ይልሻል፤ አመስግነሽ ትገቢያለሽ። ከሱ በስተቀኝ ጥጉን ይዤ የምመጣው እኔ ነኝ። አንቺ አታይኝም፣ እኔም አላይሽም፤ አውቶቡሱ በመካከላችን ነው። ሹፌሩ የፈቀደልሽ የራሱን ረድፍ ብቻ ነው። የቀሩትን ረድፎች ማንም አልፈቀደልሽም። በሱ አፍንጫ በኩል ቀስ ብለሽ እየወጣሽ ቀጣዩን እዪ፣ እንደገና ቀጣዩን።

ከዚያ ደግሞ ዜብራው አለ። ታጥፈሽ የምትገቢበት መንገድ ላይ እግረኛ እየተሻገረ ሊሆን ይችላል። ዓይንሽ ከፊት የሚመጣው መኪና ላይ ተተክሎ ስለሚቆይ እሱን የምታዪው መጨረሻ ላይ ነው።

መልስ፦ የመንዳት አሰልጣኝ

ብስክሌተኛው ያለው ወርቅ ነው። ሁልጊዜ ተማሪዎቼን የምቆጣው በዚህ ነው።

ረድፍ ስለመያዝም ልበልሽ፤ በየቀኑ ድልድዩን ስለምትሻገሪ ይጠቅምሻል። ግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአባይ ድልድይ ስፋቱ 43 ሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ሦስት የመኪና ረድፍ አለው። እንዲህ ያለ መንገድ ላይ ጥጉን ይዘሽ ቆይተሽ መታጠፊያው ጋ ስትደርሺ ወደ ግራ ብትወረወሪ ሁለት ረድፍ በአንዴ ማቋረጥሽ ነው። ቀደም ብለሽ መስታወት አይተሽ፣ ፍሬቻ አሳይተሽ፣ አንድ በአንድ ተሻገሪ። የግራውን ረድፍ ካላገኘሽ ተይው። ቀጥ ብለሽ ሂጂና ቀጣዩ ላይ ተመለሽ፤ ነዳጅ ነው የምታጪው እንጂ ሌላ አይደለም።

ታጥፈሽ ስትገቢ ደግሞ የምትገቢበት መንገድም አካፋይ ካለው አካፋዩ በግራሽ መቅረት አለበት። ቸኩሎ ቆርጦ የሚታጠፍ ሰው ከአካፋዩ ወዲህ ያለው ጎን ውስጥ ይገባና በተቃራኒ አቅጣጫ ራሱን ያገኛል። መኪናሽ መሐሉን አልፎ ከአካፋዩ ጫፍ ወዲያ ሲደርስ ነው መሪውን የምታዞሪው።

ጠያቂዋ፣ አዲስ ሹፌር

እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ጋሼ፣ እርስዎንም አመሰግናለሁ፤ መልስዎ በደንብ ገባኝ። የእህቴን ባል ዛሬ ማታ ይህን አስነብበዋለሁ፤ ጉዱን ያያል። ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። መብራት ሲጠፋ ወይም ትራፊክ ቆሞ ሲያስተናግድስ? ዩተርን ለመዞርስ በቀይ ይቻላል?

መልስ፦ የሲኖ ሹፌር

ዩተርን በቀይ አይቻልም። ያው መስመሩን ማለፍ ነው። በአረንጓዴም ቢሆን የዩተርን ክልክል ምልክት ካለ ተይው።

መልስ፦ የመንዳት አሰልጣኝ

ትራፊክ ፖሊስ ቆሞ የሚያስተናግድ ከሆነ የእጁ ምልክት ከመብራቱ ይበልጣል። መብራቱ ቀይ ሆኖ «ነይ» ካለሽ ትሄጃለሽ፤ አረንጓዴ ሆኖ «ቁሚ» ካለሽ ትቆሚያለሽ። ያለ እሱ ምልክት ግን፣ የሚኒባስ ረዳት ቢጮህም፣ ባጃጅ ቢያልፍም፣ ቀይ ቀይ ነው።

ኤሌክትሪክ ጠፍቶ መብራቱ ሙሉ በሙሉ ከጨለመና ትራፊክም ከሌለ መብራት እንደሌለው መስቀለኛ ቁጠሪው። ፍጥነት ቀንሰሽ፣ ለመቆም ተዘጋጅተሽ ነው የምትደርሺው። ወደ ግራ የምትታጠፊ ከሆነ ደግሞ ከፊት ለሚመጣው ቅድሚያ መስጠትሽ አይቀርም። ብዙ መኪና ካለና ካስፈራሽ ቀጥ ብለሽ እለፊና ሌላ ቦታ ተመለሽ።

መለማመድ ከፈለግሽ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ውጪ፤ ባጃጁም ሚኒባሱም ገና አልበዛም። አንዱን መስቀለኛ መርጠሽ ደጋግመሽ ታጠፊበት። መጀመሪያ ሰው አጠገብሽ ይቀመጥ። የእህትሽ ባል ግን ባይሆን።

መልስ፦ ባጃጅ ነጂ፣ ቀበሌ 14

ሃሃ! በዚያ ሰዓት እኔ እንኳ በቀይ እቆማለሁ፤ ተሳፋሪ አልጫንኩማ።