«ፈንክሽናል ቋንቋ ሁሉ የላምዳ ካልኩለስ ልጅ ነው»፦ ልጅ ወይስ ሞክሼ?

ከዚራ ልጅ
ሰላም ለቤቱ። ለጁኒየሮች የሚሆን አጭር ማስታወሻ በአማርኛ እያዘጋጀሁ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ተቸነከርኩ። ሌክቸረራችን «ፈንክሽናል ቋንቋ ሁሉ የላምዳ ካልኩለስ ልጅ ነው» አለን። ፈንክሽን ማለት የተሰጠውን ተቀብሎ መልስ የሚመልስ ነው፣ ፈንክሽናል ቋንቋ ፕሮግራሙ በፈንክሽን የሚሠራበት ነው፣ ላምዳ ካልኩለስ ደግሞ ፈንክሽንን ላምዳ በሚባለው የግሪክ ፊደል የሚጽፍ የሒሳብ ሥርዓት ነው። እዚህ ጋ «ልጅ» ምንድነው? ከሱ ወጣ ነው፣ በሱ ሕግ ይሠራል ነው፣ ወይስ ስሙን ወሰደ ብቻ? ከፕሮግራሚንግ ቋንቋዎቹ ሊስፕም ሃስኬልም ፓይተንም ላምዳ የሚባል ነገር አላቸው፣ ሦስቱንም ደፍኖ ልጅ ማለት ከበደኝ።

ዘሳቢያን
መጀመሪያ ግሡን ለይ። በግእዝ ተወልደ ሌላ፣ ሠረጸ ሌላ፣ ነሥአ ሌላ ነው። ልጅ ካልክ ተወልደ ብለሃል፣ የወላጁን ባሕርይ ይዟል ማለት ነው። አጻጻፉን ብቻ ከወሰደ ነሥአ ነው፣ ልጅ አትበለው። ሠረጸ ብትል ግን ያስኬዳል።

ደቻቱ ማዶ
ዲያቆን አክብሬህ ነው ግን የጸሎተ ሃይማኖትን ቃል ለፕሮግራሚንግ አታውለው ባክህ

ዘሳቢያን
ሠረጸ ለቡቃያም ይባላል እኮ። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ቃል ስንት ቦታ እንደሚውል ያውቃል።

ጁገል
አቦ ግሡን ከመለየታችሁ በፊት ታሪኩን እዩት። የሒሳብ ሊቁ አሎንዞ ቸርች ላምዳን እ.ኤ.አ. 1932 ሲያወጣ ፕሮግራም የሚጻፍለት ኮምፒውተር ገና የለም፣ ሰውዬው ለሒሳብ መሠረት ነው የሚፈልገው። 1935 ላይ የገዛ ተማሪዎቹ ክሊኒና ሮሰር ሥርዓቱ እርስ በርሱ እንደሚጣረስ አሳዩ፣ እሱም ስለ ፈንክሽን የሚያወራውን ክፍል ለብቻው አወጣና 1936 በዚያው ክፍል በየትኛውም ስሌት መልስ የማይገኝለት ጥያቄ እንዳለ አረጋገጠ። 1937 ደግሞ ሌላው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ፣ እሱ በሐሳብ የነደፈው ማሽን የሚያሰላውና በላምዳ የሚገለጸው ነገር አንድ መሆኑን አሳየ። ሊስፕ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ 1958 ነው፣ የሊስፕ ፈጣሪ ጆን ማካርቲ ራሱ እንደተናገረው ከቸርች መጽሐፍ የወሰደው የፈንክሽን አጻጻፉን ነው፣ የቀረው የመጽሐፉ ክፍል አልገባኝም ብሏል። ስለዚህ ወላሂ ሊስፕ ሞክሼ ነው እንጂ ልጅ አይደለም።

ደቻቱ ማዶ
ስለ ስም ከተነሳ ዋናውን ረሳችሁት። ላምዳ ከፊንቄው ላሜድ ነው የመጣው፣ ዳዊት የደገመ ሰው መዝሙር 118 ላይ ላሜድን ያውቀዋል። የላሜድ ሥር ደግሞ የኛው ለመደ ነው፣ በዕብራይስጥ ላማድ ተማረ ማለት ነው። እና ቸርች ይህን ፊደል የመረጠው ፈንክሽን የተሰጠውን የሚለምድ ነገር ስለሆነ ነው ባይ ነኝ

ጁገል
እኛም ቁርአን ቤት አሊፍ ላም ሚም ብለን ነው ያደግነው፣ ፊደሉ ዘመድ ነው አልክድም። ግእዙም ላዊ ይለዋል። ግን ቸርች ለመደን ከየት አውቆት? አንድ ጊዜ ዋይትሄድና ራስል የተባሉ የሎጂክ ሊቃውንት ፊደል ላይ ከሚደፉት ቆብ መሳይ ምልክት ነው የመጣው ብሎ ጽፏል፣ በኋላ ሲጠየቅ ደግሞ የሆነ ፊደል ያስፈልግ ነበር፣ እሱ ደረሰው ብሏል።

ደቻቱ ማዶ
ሰው የመረጠበትን ምክንያት ሁሌ ያውቃል እንዴ?

ከዚራ ልጅ
ሥሩ ደስ ይላል ግን ጥያቄዬ ሌላ ነበር። ሞክሼና ልጅ ሥራ ላይ በምን ይለያሉ?

ጁገል
በነጻው ፊደል ይለያሉ። ለ 3 በሆነበት ቦታ «ሀ ሲሰጠኝ ሀ + ለ እመልሳለሁ» የሚል ፈንክሽን ጻፍክ እንበል። ሀን ላምዳው አስሮታል፣ ዋጋውን ሲሰጠው ያገኛል፤ ለ ግን ነጻ ነው፣ ዋጋውን ከውጭ ያገኛል። አሁን ፈንክሽኑን አንሥተህ ለ 10 ወደሆነበት ሌላ ቦታ ወሰድከውና 5 ሰጠኸው። በላምዳ ካልኩለስ ሕግ ለ የሚታየው በተጻፈበት ቦታ ስለሆነ መልሱ 8 ነው። የድሮው ሊስፕ የተጠራበትን ቦታ ስለሚያይ 15 ይልሃል። ይህን ያስተካከለው ከሊስፕ ወገን ስቲልና ሰስማን 1975 ያወጡት ስኪም ነው። ከዚያ በፊትም ፒተር ላንዲን 1965 አልጎል 60 የተባለውን የፕሮግራሚንግ ቋንቋ በላምዳ ማስረዳት እንደሚቻል ጽፏል፣ ይሄ ሰው ብዙም አይወራለትም እንጂ ልጅነቱ በደንብ የመጣው በሱ በኩል ነው። 1990 የወጣው ሃስኬል ጭራሽ ኮምፓይለሩ (ፕሮግራሙን ለማሽን የሚተረጉመው) የጻፍከውን ሁሉ መጀመሪያ እያንዳንዱ ነገር ዓይነቱ (ቁጥር፣ ጽሑፍ...) ወደተለየበት ትንሽዬ የላምዳ ቋንቋ ይመልሰዋል፣ እሱን ልጅ በለው። ፓይተን ውስጥ ላምዳ ማለት ባለአንድ ሐረግ ስም የለሽ ፈንክሽን ነው፣ በቃ።

ዘሳቢያን
«ነጻ» አትበል። ነጻ የወጣ ነው፣ ቀድሞ ታስሮ የነበረ። ይሄኛው ከመጀመሪያውም ያልታሰረ ነው።

ጁገል
ነጻ የተወለደስ የለም?

ገንደ ቆሬ
ወንድሞቼ ላምዳን ለማስረዳት ግሪክ ድረስ ምን አስኬዳችሁ፣ አማርኛ «የሚ» አለው። «የተሰጠው ላይ አንድ የሚጨምር» ስትል ስም ሳታወጣ ፈንክሽን ሠራህ ማለት ነው፣ ግእዙ ደግሞ ዘ ይለዋል። ለጁኒየሮቹ ከዚህ ብትጀምር ይገባቸዋል። ቁጥሩ ደግሞ ከሁሉ ያምራል። በቸርች አሠራር ቁጥርም ፈንክሽን ነው፣ 2 ማለት አንድን ድርጊት በላዩ ላይ ሁለት ጊዜ ማድረግ ነው። እና የቸርች 2 «ሁለት» ሳይሆን «ሁለቴ» ነው፣ 3ም «ሦስቴ»።

ዘሳቢያን
ሁለቴ የምትይው በግእዝ ካዕበ ነው።

ገንደ ቆሬ
ካዕበ ዳግመኛ ነው እንጂ ሁለቴ አይደለም፣ ዳግመኛ የፊተኛውን አይቆጥርም። እኔ የምፈልገው ሁለቱንም የሚቆጥረውን ነው።

ዘሳቢያን
ምክዕቢትስ?

ገንደ ቆሬ
እሱ እጥፍ ነው፣ ስም ነው። ሁለቴ ላይ ግን እንደገና መሥራት ይቻላል። «ሁለቴን» ራሱን ወስደህ ለ«ሦስቴ» ስጠው፣ ስንት ይወጣል?

ደቻቱ ማዶ
ስድስት ነዋ

ገንደ ቆሬ
ስድስት የሚሆነው ሁለቱን ብታገናኛቸው ነው፣ ሁለቴ የተደረገውን ሦስቴ ብትደግመው። እኔ ግን ድርጊቱን አይደለም ያልኩት፣ ሁለቴነቱን ሦስቴ አድርገው ነው ያልኩት። አንድ ድርጊት ያዝ፣ ሁለቴ ስታደርገው 2 ጊዜ ሆነ፣ ያንን ይዘህ ሁለቴ 4 ጊዜ፣ ያንን ደግሞ ሁለቴ 8 ጊዜ። ሁለት በሦስት ሲባዛ ሳይሆን ሁለት ሦስት ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው።

ዘሳቢያን
ቆይ፣ «ን»ዋን ብታነሺያትስ? «ሁለቴ ሦስቴ» ቢባል ስድስት፣ «ሁለቴን ሦስቴ» ቢባል ስምንት ነው የምትይኝ?

ገንደ ቆሬ
አዎ፣ «ን» ናት የለየችው።