ጨሌው የሸማውን ደረት እየሳበብኝ ነው፤ እባካችሁ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። ጨሌ ጥልፍ የምትችሉ እህቶችና ወንድሞች፣ እባካችሁ እርዱኝ። ያለሁት ጎንደር ነው። ለታናሽ እህቴ የጥምቀት ቀሚስ አንገቱና ደረቱ ላይ መስቀል በጨሌ እየጠለፍኩላት ነው። በጣም ነው የምትጠብቀው፤ ለከተራ፣ ጥር 10፣ መድረስ አለበት።

ጨርቁ የሸማኔ እጅ ሥራ ስለሆነ ስስና ልል ነው። ጨሌው ሲበዛበት ደረቱ ወደ ታች ይሳባል፣ በመስቀሉ ዙሪያም ይጨማደዳል። ክሩን ሳላላው ደግሞ ጨሌው ይንጠለጠላል። እንደ ቀጭን ቱቦ ረዘም ያለው ዶቃ ጫፉ ስለታም ስለሆነ የጥጥ ክሩን ይበጥስ ነበር፤ በሁለቱም ጫፍ ክብ ጨሌ ሳስገባበትና ክሩን ሰም ሳሸው ግን ተሻለ። በየሦስት በየአራት ጨሌው ከጀርባ እቋጥራለሁ፣ አንዱ ቢበጠስ ረድፉ በሙሉ እንዳይረግፍ።

የቸገረኝ መሳቡ ነው። ከሥር ገበር ልደርብበት? ምን ዓይነት ጨርቅ ይሻላል? ወይስ መስቀሉን ሌላ ጨርቅ ላይ ጠልፌ ልስፋው? ቅዳሜ ገበያ ናይለን ክር አይቻለሁ፤ ሸማውን እንዳይቆርጠው ፈራሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ፣ ፎቶም እልካለሁ።