ጥቆማ፦ የፍሬን ቱቦ የመዳብ ሮንዴላ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የት ይገኛል?

የፍሬን ቱቦ ተቀይሮ ወይም ካሊፐር (ጎማው ዘንድ ሆኖ የፍሬን ሸራውን ዲስኩ ላይ የሚጫነው ክፍል) ወርዶ ሲመለስ፣ ከዚያ በኋላ የሚያልበው ብዙውን ጊዜ ቱቦው ራሱ አይደለም። ቱቦውን ካሊፐሩ ላይ የሚያስረው መሀሉ ክፍት የሆነ ቡሎን አለ፤ ዘይቱን የሚይዙት ከቱቦው ራስ ግራና ቀኝ የሚገቡት ሁለት ስስ ሮንዴላዎች (ቀለበት መሰል ማሸጊያዎች) ናቸው። በተፈቱ ቁጥር በአዲስ መተካት አለባቸው። ሰሞኑን ግን ደሴ ላይ ይህን የጠየቀ ሁሉ «የለም፣ ከአዲስ አበባ ይታዘዝ» እየተባለ ይመለሳል። አብሽሩ፣ አለ። የሚጠየቅበት ቤት ነው የሚለየው።

መጀመሪያ ልኩ። በብዙዎቹ የጃፓን የቤት መኪኖች፣ ለምሳሌ ቪትዝና ኮሮላ ላይ፣ ቡሎኑ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ የሮንዴላው ቀዳዳ 10 ሚሊ፣ የውጪው ስፋት ከ14 እስከ 16፣ ውፍረቱም ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ አካባቢ ይሆናል። ይህን ቁጥር ብቻ ይዛችሁ ግን አትውጡ። ቡሎኑንና አሮጌዎቹን ሮንዴላዎች ጠራርጋችሁ፣ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ኪሳችሁ ክተቱ። መኪናው ጋራዥ ውስጥ ከሆነም መካኒኩን «ቡሎኑን ስጠኝ» በሉት። ሮንዴላው ሳይገፋ መግባት፣ ከገባም በኋላ ወዲያ ወዲህ አለመዋለል አለበት። የውጪው ስፋት ደግሞ ካሊፐሩ ላይ ካለው መቀመጫ መብለጥ የለበትም። የአንዳንዱ ካሊፐር መቀመጫ ጎድጎድ ያለ ስለሆነ ሰፊ ሮንዴላ ጠርዙ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ የቱንም ያህል ቢጠብቅ ያፈሳል።

አሁን ወደ ገበያው። ደሴ ላይ የቤት መኪና መለዋወጫ የሚሸጡት ቤቶች ሮንዴላን ለብቻው እንደ ዕቃ አይቆጥሩትም፣ ከቱቦ ጋር የሚመጣ ነገር ነው። ቱቦው ተሰነጣጥቆ ወይም አብጦ ከሆነ መቀየሩ ስለማይቀር አዲስ ቱቦ ግዙ፤ ካርቶኑን ግን እዚያው ባንኮኒው ላይ ክፈቱት። አንዳንዱ አምራች ሁለት ሮንዴላ ያስገባበታል፣ አንዳንዱ ባዶ ቱቦ ነው የሚልከው። ሁለት ቤት ጠይቃችሁ አንዱ ረከስ ካለላችሁ በዚህም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ደህና ቱቦ ይዞ ለሮንዴላ ሲባል ቱቦ መግዛት ግን ኪሳራ ነው።

የኔ አንደኛ ምርጫ የናፍጣ ዕቃ ቤቶች ናቸው። የአይሱዙና የከባድ መኪና መለዋወጫ የሚሸጡትን፣ ወይም የናፍጣ ፖምፓና ኢንጀክተር የሚጠግኑትን ጠይቁ። የናፍጣ መስመር የሚታሰረው በመዳብ ሮንዴላ ስለሆነ በየልኩ ሊኖራቸው ይችላል፤ ባለ 10 ደግሞ እነሱ ዘንድ እንግዳ ልክ አይደለም። መዳቡ ንጹሕ ከሆነና ልኩ ከገጠመ ለናፍጣ መጣ ለፍሬን መጣ ለውጥ የለውም። ሆኖም ለፍሬን እንደፈለጋችሁት ከመጀመሪያው ተናገሩ። ካልተናገራችሁ ውስጡ ጎማ የተለበጠበትን ሮንዴላ ሊሰጧችሁ ይችላሉ። እሱ ለናፍጣና ለሃይድሮሊክ ዘይት የተሠራ ነው፤ ጎማው የፍሬን ዘይት ሲነካው ያብጣል፣ ይላላል። የካርቶንና የፋይበር ሮንዴላም ለፍሬን አይሆንም፣ የሞተር ዘይት መክፈቻ ሮንዴላም እንዲሁ።

በዚህ በኩል ኮምቦልቻን ከደሴ አስበልጣለሁ። ከአዲስ አበባ የሚመጣው መንገድ ኮምቦልቻ ላይ ሁለት ይሆናል፤ አንዱ ወደ ደሴ ይወጣል፣ ሌላው በባቲ በኩል ወደ ሚሌ ይወርዳል። የጅቡቲ ተሳቢ የሚያልፍበት፣ ደረቅ ወደብና የኢንዱስትሪ ፓርክ ያለበት ከተማ ስለሆነ የከባድ መኪና ዕቃ ፍለጋ እዚያ ይቀላል። ደሴ ያላችሁ በሚኒባስ ወርዳችሁ ተመለሱ። የሚያልብ ፍሬን ይዛችሁ ግን ሐረጎን፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን ቁልቁለት፣ እንዳትሞክሩት! ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850። ያን ሁሉ ከፍታ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የምትወርዱት፣ ያውም በመታጠፊያ።

ኮምቦልቻ ላይ «ቶርኖ ቤት እናስወጣልህ» የሚል መካኒክ አይጠፋም። ማውጣቱ አይከብድም። ግን እጅ ላይ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ናስ ነው፣ ናስ ደግሞ ከመዳብ ይጠነክራል፤ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ መቀመጫው ላይ አይለጠፍም። በዚያ ላይ የቶርኖው ቢላ ፊቱ ላይ ክብ ክብ መስመር ይተዋል። ይህን የመጨረሻ አማራጭ አድርጉት።

አሮጌውን አቃጥሎ መመለስስ? መዳብ ከሆነ ሥራው የታወቀ ነው። መዳብ ሲጨፈለቅ ይደርቃል፤ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ተግሎ ውኃ ውስጥ ሲገባ ይለሰልሳል። አልሙኒየም ላይ ግን አትሞክሩት፤ ሳይቀላ ድንገት ይቀልጣል። ከማቃጠላችሁ በፊት ፊቱን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት። ቡሎኑ የጨፈለቀው ቦታ የሚያብለጨልጭ ቀለበት ሆኖ ይታያል። ቀለበቱን ከውስጥ ወደ ውጪ የሚያቋርጥ ጭረት ካለ፣ ፀጉር የሚያህል ቢሆንም፣ ዘይቱ መውጫ አግኝቷልና ጣሉት። መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ይህ መላ ነው፤ ከተማ ውስጥ ላለ ሰው ግን አዲሱን መግዛት ይሻላል።

ዋናውን የፋብሪካ ዕቃ የሚፈልግ ሰው የሻንሲ ቁጥሩን ልኮ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያስጠይቅ። ከመኪናው ጋር የመጣው አልሙኒየም ከሆነ አዲስ አልሙኒየም ይገባል፤ መዳብ ካልሆነ ብሎ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

ስትገዙ ሁለት ነገር ፈትሹ። አንደኛ ማግኔት ያዙ፤ የተበላሸ የራዲዮ ድምፅ ማጉያ ማግኔት ይበቃል። መዳብ ማግኔት አይስበውም። ከሳበው መዳብ የተቀባ ብረት ነው፤ እኔንም አንድ ቤት ይህንኑ «ኦሪጅናል» ብሎ ሊሸጥልኝ ነበር። ሁለተኛ፣ ባንኮኒው መስታወት ከሆነ ሮንዴላውን ከትንሽ ከፍታ ጣሉት። ለስላሳው መዳብ ድፍን ያለ ድምፅ ያሰማል፣ የደረቀው እንደ ሳንቲም ይጮኻል። የሚጮኸው የግድ መጥፎ ዕቃ አይደለም፣ ከላይ እንዳልኩት በእሳት ይለሰልሳል፤ ምርጫ ካላችሁ ግን ለስላሳውን ውሰዱ። ለአንድ ጎማ ሁለት ያስፈልጋል። ሁለቱንም የፊት ጎማ የምትሠሩ ከሆነ አራት፣ ለመጠባበቂያ ደግሞ ሁለት ጨምሩ፤ ከጉልበት ዋጋው ጋር ሲተያይ ምንም አይደለም።

አጠባበቁ ላይ ብዙ ሰው ያበላሻል። ቡሎኑ ውስጡ ክፍት ስለሆነ እንደ ጎማ ቡሎን አይጨከንበትም፣ ይበጠሳል። የማጥበቂያው ልክ በብዙ የቶዮታ ሞዴሎች ወደ 30 ኒውተን ሜትር ነው፤ የየመኪናችሁን ማኑዋል እዩ። መጀመሪያ መቀመጫውን በንጹሕ ጨርቅ ጥረጉ፣ አሮጌ ሮንዴላ ተለጥፎ ከቀረም አንሱት። በአሮጌው ላይ አዲስ ደርቦ ማሰር ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ የማፍሰስም ምክንያት ነው። የፍሬን መስመሩ ውስጥ የገባውን አየር ካስወጣችሁ በኋላ ሞተሩን አስነሡና አንድ ሰው ፔዳሉን ጠበቅ አድርጎ ይርገጥ፣ ሌላው በባትሪ ብርሃን ቡሎኑን ይይ። ካለበ ደጋግሞ ማጥበቅ ዋጋ የለውም፤ ፈትታችሁ መቀመጫውን ተመልከቱ።

ዘይቱን በተመለከተ አጭር ልበል። መኪናው ዶት 3 ወይም ዶት 4 (የፍሬን ዘይት ደረጃዎች ናቸው) የሚል ከሆነ ያንኑ ግዙ፣ ክዳኑ ያልተፈታ ትንሽ ጠርሙስ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። አዲስ ዶት 3 መፍያው ቢያንስ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ የሚፈቀድለት ዝቅተኛው 140 ነው። ሐረጎ ላይ ፔዳል ረግጦ ለሚወርድ ሰው ይህ ልዩነት ትልቅ ነው። ጋራዥ ውስጥ ተከፍቶ የከረመውን «ይሄ ይበቃሃል» ቢሏችሁ አትቀበሉ። ቀለም ላይ ከፈሰሰም ቶሎ በውኃ እጠቡት፣ ቀለሙን ያነሳዋል።

ከቱቦው የላይኛው ጫፍ ለሚያልብባችሁ ደግሞ፣ ብዙውን ጊዜ እዚያ ሮንዴላ የለም። ቱቦው ከብረት ቧንቧው ጋር የሚገናኝበት ቦታ የሚታሸገው በቧንቧው በተከፈተው አፍ ነው። እዚያ ሮንዴላ መክተት ጭራሽ እንዳይገጥም ያደርገዋል። የቧንቧው አፍ ተሰንጥቆ ወይም ተጣሞ ከሆነ የሚያስፈልጋችሁ የቧንቧ አፍ መክፈቻ መሣሪያ ያለው ጋራዥ ነው። መኪናውን ከመውሰዳችሁ በፊት መሣሪያው እንዳላቸው ጠይቁ፤ በፒንሳ እናስተካክለው ካሏችሁ ሌላ ቤት ፈልጉ።