ስፓይሮፓይራን ያለበት ናሙና ሳይሳብ ለምን ቀለም ያወጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አባላት። ስፓይሮፓይራን የተባለውን ኃይል ሲያርፍበት ቀለሙን የሚለውጥ ሞለኪውል ፖሊሜቲል አክሪሌት በተባለ ፖሊመር (ከረጃጅም ሰንሰለት መሰል ሞለኪውሎች የተሠራ ቁስ) ሰንሰለቶች መካከል አስገብቼ፣ እንደ ጎማ የሚለጠጥ ስስ ናሙና ሠርቻለሁ። ፍላጎቴ ጫናው የበረታበት ቦታ በቀለም እንዲለይ ነው። ናሙናው ግን ገና ሳልስበው ሐምራዊ ሆኗል፤ ስስበውም ለውጡ እምብዛም አይታይም። ቀለሙ ከኃይል የመጣ መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

መልስ 1፦ አስቀድመው ብርሃኑን ይመርምሩ። በስፓይሮፓይራን ውስጥ አንድ የካርቦንና የኦክስጅን ትስስር ሲበጠስ ሞለኪውሉ ተዘርግቶ ሜሮሳያኒን ወደሚባለው ባለቀለም ቅርጽ ይለወጣል፤ ይህን ትስስር የሚበጥሰው ግን መሳብ ብቻ ሳይሆን የአልትራቫዮሌት ጨረርም ጭምር ነው። ናሙናውን ለጥቂት ጊዜ በደማቅ ነጭ ብርሃን ሥር ያቆዩት። ቀለሙ ሲደበዝዝ፣ ብዙ ሳይቆዩ ከአልትራቫዮሌት በተከለለ ቦታ ይሳቡት።

መልስ 2፦ ከላይ የተሰጠው ምክር ትክክል ነው፤ ማስረጃ የሚሆንዎት ግን ማነጻጸሪያ ናሙና ነው። ስፓይሮፓይራኑ በአንድ ጎኑ ብቻ ከሰንሰለቱ ጋር የተያያዘበት ሌላ ናሙና ይሥሩ፤ ሰንሰለቱ ቢወጠርም ኃይሉ በሞለኪውሉ ውስጥ ስለማያልፍ ቀለም ማውጣት የለበትም። በ2009 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በኔቸር መጽሔት ባወጡት ሥራ፣ ለውጡ ከሙቀት ወይም ከሌላ ሰበብ ሳይሆን ከኃይል የመጣ መሆኑን ያሳዩት እንዲህ ባሉ ማነጻጸሪያዎች ነበር። በእኔ እምነት ያለዚህ የሚቀርብ ማንኛውም ባለቀለም ፎቶግራፍ ብቻውን አያሳምንም።

ጠያቂው፦ እጅግ አመሰግናለሁ። ናሙናው የጠነከረው በአልትራቫዮሌት ስለሆነ የመጀመሪያው ቀለም ምክንያት ግልጽ ሆኖልኛል። የቀለሙን ድምቀት እንደ ኃይል መለኪያ ልወስደው እችላለሁ?

መልስ 3፦ በቀጥታ አይውሰዱት። ድምቀቱ የሚነግርዎት ስንት ሞለኪውሎች እንደተከፈቱ እንጂ በእያንዳንዱ ሰንሰለት ላይ ምን ያህል ኃይል እንዳረፈ አይደለም። በዚያ ላይ ለስላሳ በሆነ ፖሊመር ውስጥ ሰንሰለቶቹ እንደልባቸው ስለሚንቀሳቀሱ፣ ጫናው ሲነሳ ሜሮሳያኒኑ በሙቀትና በሚታይ ብርሃን ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ ስለዚህ እየሳቡ ሳለ፣ በማይለዋወጥ ብርሃን ፎቶግራፍ ያንሱ። ለዓይን የማይለይ ደካማ ለውጥ ከሆነ አረንጓዴ ብርሃን ያብሩበት፤ ሜሮሳያኒን ቀይ ብርሃን መልሶ ይፈነጥቃል። የሚፈልጉት ትስስሩ የሚበጠስበትን ቅጽበት ማየት ከሆነ ደግሞ ዳይኦክሲቴን ይሻላል። ይህ ሞለኪውል ሲበጠስ ራሱ ሰማያዊ ብርሃን ያወጣል፤ ይሁን እንጂ አንዴ ከተበጠሰ ስለማይመለስ በአንድ ናሙና ላይ ሙከራውን እንደገና እደግማለሁ ብለው አይነሱ፤ ጨለማ ክፍልና ደካማ ብርሃን የሚይዝ ካሜራም ያስፈልግዎታል።