ሉሪ ሳይጸጸት ይዋጃል? በኩትሲ «ዲስግሬስ» ላይ ክርክር

ጥያቄው፦ በጄ. ኤም. ኩትሲ ልቦለድ (1999 እ.ኤ.አ.) የኬፕታውኑ መምህር ዴቪድ ሉሪ ተማሪውን ሜላኒን በመምህርነቱ ተጠቅሞ ይተኛታል፤ ላልተፈተነችው ፈተናም 70 ነጥብ ይሞላላታል። አጣሪ ኮሚቴ ፊት «ጥፋተኛ ነኝ» ይላል። የጸጸት መግለጫ ግን አልሰጥም ብሎ ሥራውን ያጣል። ኮሚቴው ጸጸት መጠየቁ ልክ ነበር? ሰውየውስ በመጨረሻ ተዋጀ?

ጠበቃው፦ ኮሚቴው ከሥልጣኑ አልፏል። የዲሲፕሊን አካል የሚያጣራው ምን እንደተደረገና ማን እንዳደረገው ነው፤ ከዚያ ቅጣቱን ይወስናል። ልብን ልመዝን ካለ የሚጠቀመው ማልቀስ የሚችል ሰው ነው። በዚያው ዘመን የአፓርታይድን በደሎች ያጣራው የደቡብ አፍሪካ የእውነትና የእርቅ ኮሚሽን እንኳ ለምሕረት ጸጸትን ቅድመ ሁኔታ አላደረገም። ኮሚሽኑን ያቋቋመው የ1995 እ.ኤ.አ. ሕግ ቁጥር 34 የጠየቀው ድርጊቱ ከፖለቲካ ዓላማ ጋር የተያያዘ እንዲሆንና አመልካቹ ሳይደብቅ ሁሉንም እንዲናገር ነው። ከ7,000 በላይ ማመልከቻዎች ምሕረት ያገኙት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው።

ወለተ ንባብ፦ እዚህ ላይ ልያዝህ ወንድሜ። «ሁሉንም እንዲናገር» ካልክ ሉሪ ምን ተናገረ? የሜላኒን የክስ ቃል እንኳ ሳያነብ የተባለውን ሁሉ በጅምላ ተቀበለ። በእውነትና እርቅ ኮሚሽኑ ሚዛን ይህ ውድቅ ነው። ከዩኒቨርሲቲው አጣሪ ኮሚቴ አባላት አንዷ ፋሮዲያ ራሱል የተቆጣችውም ለዚህ ነው፤ በትክክል ምኑን እንዳመነ አልታወቀም። ጸጸቱን ተወው፣ ዝርዝሩን ግን ማውጣት ነበረበት።

ጠበቃው፦ በዝርዝሩ እስማማለሁ። ነገር ግን በኋላ የቀረበለት ሌሎች ያረቀቁት ወረቀት ነው። ፈርም፣ ቅጣቱ ይቀልልሃል ነው ነገሩ። ሰው በጻፈለት ንስሐ ማን ይታረማል?

የማታ አንባቢ፦ ሁለታችሁም ምዕራፍ 6 ላይ ቀራችሁ፤ መጽሐፉ 24 ምዕራፍ አለው። ሉሪ ምሥራቅ ኬፕ ወዳለው የልጁ የሉሲ እርሻ ከሄደ በኋላ በእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ቤቭ ሾውን ያግዛል። በመርፌ የተገደሉትን ውሾች ሆስፒታል ግቢ ወዳለው ማቃጠያ የሚያደርሰው እሱ ነው። ሬሳው ሲያድር ስለሚደርቅ እግሩ ጋሪው ብረት ላይ ይሰነቀራል፤ ሠራተኞቹ በአካፋ ጀርባ እየመቱ ይሰብሩት ነበር። ይህን ማየት አልቻለምና ሥራውን ራሱ ያዘው። ማንም አላዘዘውም፣ ማንም አያመሰግነውም። ቀኖና ከዚህ ሌላ ምንድን ነው?

ወለተ ንባብ፦ ኑዛዜ ያልቀደመው ቀኖና! ዕዳው የሜላኒ፣ ክፍያው ለውሻ። እርግጥ ጆርጅ ከተማ ወደ ቤተሰቧ ሄዶ በእናቷና በታናሽ እህቷ ፊት ግንባሩን መሬት አስነክቷል። ሜላኒ ግን እዚያ አልነበረችም። በዚያው ጉብኝት ታናሽየዋን በምኞት ዓይን አያት! ቆይቶም ሜላኒ የምትተውንበት ቲያትር ቤት ገብቶ ከጨለማ ውስጥ ሲመለከታት እናገኘዋለን። ይሄ ሰው ከመጀመሪያው ምዕራፍ ምን ያህል ርቋል?

የማታ አንባቢ፦ ጥቂት ርቋል። ፍጹም ሆነ አላልኩም።

ብርሃን፦ ሉሲን ማንም አላነሣም። ሦስት ሰዎች ደፈሯት፤ ለፖሊስ ያመለከተችው ስርቆቱንና ድብደባውን ብቻ ነው። ስታረግዝ መሬቷን ለጎረቤቷ ለፔትረስ ሰጥታ በእሱ ጥላ ሥር ለመኖር ትስማማለች። ያልበደለችው ከፋይ ሆነች ማለት ነው። የያኔው የደቡብ አፍሪካ ገዥ ፓርቲ ኤኤንሲ በ2000 እ.ኤ.አ. በአገሪቱ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን ምርመራ ላይ ነጮች ለጥቁሮች ያላቸውን አመለካከት ለማሳየት ይህን መጽሐፍ ጠቅሷል። ቅሬታው ይገባኛል፤ ያላየው ነገር ቢኖር ትረካው ከሉሪ ጭንቅላት አለመውጣቱን ነው። ሉሲም ሜላኒም ውስጣቸው ተዘግቶብናል፤ ስለዚህ ይቅር ብለውት እንደሆነ ከእሱ አንደበት ልንፈርድ አንችልም።

ጠበቃው፦ በእውነተኛው የእውነትና የእርቅ ኮሚሽንም የተበዳዩ ወገን ነው የተጎዳው። ምሕረት የተሰጠው ሰው ከክስም ከካሳ ክስም በዚያው ነጻ ወጣ። ኮሚሽኑ ለስድስት ዓመት በየዓመቱ የሚከፈል ካሳ አሳስቦ ነበር፤ መንግሥት በ2003 እ.ኤ.አ. የወሰነው የአንድ ጊዜ 30,000 ራንድ ነው።

ወለተ ንባብ፦ እንግዲያው የእኛም ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ቅድመ ሁኔታ ያለው ምሕረትን ይዟል። ሕጉ ሲወጣ ጸጸት የሚለውን ቃል ባይጽፉትም ግድ የለኝም። አጥፊው የተበዳዩን ቃል አንብቦ ነጥብ በነጥብ እንዲመልስ ግን ይጻፍ፤ የካሳው ገንዘብም ምሕረቱ ከመሰጠቱ በፊት ይመደብ።